ከመቶ አርባ አንድ ያገኘው ጋሪ

ጥቅምት 14፣ ማክሰኞ

ጡጦ ቀቀልኩ። ልብስ አጠብኩ። በረንዳ ላይ አሰጣሁ፤ ካልሲውን ከካልሲ፣ ኮፍያውን ከኮፍያ ጋር። ልጄ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሲወጣ አይቶ ሳቀብኝ።

«እማዬ፣ ሰልፍ አስወጣሻቸው እንዴ?»

ይሳቅ። ጥንዱ የጠፋ ካልሲ ግን እዚህ ቤት የለም።

ለሁለት ሳምንት ብዬ መጥቼ ይኸው ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው። ልጄ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ዛሬ ከወጣ እሑድ ነው የሚመለስ። ቤቱ ለሦስት ሴቶች ቀረ። ለእኔ፣ ለምራቴና ለእሜቴ። እሜቴ ሁለት ወራቸው ነው። ስም አላቸው፤ የሚጠራቸው ግን የለም። በተወለዱ በሦስተኛው ቀን አባታቸው «እሜቴ ተቆጡ!» አለ፤ በዚያው ቀረ። እሜቴ ተኙ። እሜቴ አስመለሱ። እኔም ሳላስበው አንቱ ማለት ለመድኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ሳስተምር አንድ ተማሪ አንቱ ብዬ አላውቅም … ጥርስ የሌላት አሸነፈችኝ።

ምራቴ ግን … ምን ልበል? እሺ ትላለች። ብዪ ስላት እሺ። ተኚ ስላት እሺ። ፀሐዩ ሳይበረታ ወጣ በይ ስላት እሺ። አትበላም፤ አትተኛም፤ አትወጣም። ክፍል ውስጥ እንዲህ ያሉ ነበሩኝ። «ገባችሁ?» ስል ከሁሉም ቀድመው «ገባን» የሚሉ። ምንም ያልገባቸው እነሱ ነበሩ።

ልጄ ደጃፉ ላይ ዞር ብሎ የሕፃን ጋሪ ምረጪልን አለኝ። «ትንሽ አየር ያገኛሉ፣ ሁለቱም። አንቺ የመረጥሽው አይሳሳትም።» ይኼኔ ምራቴ ከመኝታ ቤት፣ ፊቷን ከግድግዳው ሳታዞር፣ «ሦስት ጎማ ያለው ይሁን» አለች።

ሦስት? ጋሪ በአራት ነው የማውቀው። ፋሽን ይሆናል። እናያለን።

ጥቅምት 16፣ ሐሙስ

ነገር በመስፈርት ነው። አንድ ገጽ አሰመርኩ። ይታጠፋል? ሊፍት ውስጥ ይገባል? ሕፃን ዘርግቶ ያስተኛል? ለአንድ ሰው ጉልበት ይቀላል? ይገለበጣል? ለእያንዳንዱ ሃያ ሃያ ማርክ። ከአምሳ በታች ያገኘ ወደቀ።

ሊፍቱን በሜትር ለካሁ። የሕንፃው ዘበኛ አጮልቆ ያየኛል።

«ቲቸር፣ ሊገዙት ነው?»

«ጋሪ ይገባ እንደሆነ እያየሁ ነው።»

«ጋሪውስ ይገባል። ፈረሱን ግን በደረጃ ነው።»

ከሊፍቱ እስክወጣ ስስቅ ነበር። ቤት ገብቼ ለምራቴ ነገርኳት። «እሺ» አለች። ቀልድ ነግሬያት «እሺ»።

ጥቅምት 18፣ ቅዳሜ

የሕፃናት ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። ባዶ ጋሪ መግፋት ምን ይጠቅማል? የእሜቴን ክብደት ያህል ሩዝ በከረጢት መዝኜ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ አቅፌ ሄድኩ። አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰው ተነሥቶ አስቀመጠኝ። ምን ልበለው? አመስግኜ ተቀመጥኩ።

አሻሻጯ ሹክ አለችኝ፣ ሕፃኑ እንዳይነቃ።

«ስንት ወሩ ነው?»

«ሩዝ ነው» አልኳት።

ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ አየች። እኔን አየች። ከዚያ በኋላ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ቀስ እያለች ታናግረኝ ጀመር፤ ጆሮዬ የሚያስቸግረኝ ይመስል።

ሁሉንም ገፋሁ። አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ፣ አነሣሁ። ባለ አራት ጎማው ግራጫ ሰማንያ ስምንት አገኘ። ባለ ሦስት ጎማው … ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሁለት፣ እንደ ብስክሌት በአየር የሚነፋ ጎማ። ረጅም ነው። ከባድ ነው። ሊፍቱ ውስጥ አይገባም። ጥግ ላይ በፍጥነት ስዞር ሩዙ ወደ ጎን አዘነበለ። አርባ አንድ። ወደቀ።

ቤት ስገባ ውጤቱን ለምራቴ አነበብኩላት። ከነምክንያቱ፣ ከነዝርዝሩ።

«እሺ እማማ። እርስዎ እንዳሉት።»

ወደ ግድግዳው ዞረች።

ጥቅምት 21፣ ማክሰኞ

እሜቴን ሳጥባቸው በሩ ላይ ቆማ ታየን ነበር። ውኃውን ወደዱት መሰለኝ፣ እግራቸውን ያንቦጫርቃሉ።

«እርስዎ እጅ ላይ አያለቅሱም» አለች። እንዲህ ሆና እንኳ አንቱ ትላቸዋለች።

«ለምደውኝ ነዋ።»

ፎጣውን አንሥታ አቀበለችኝ።

«እማማ … ወደ ቤትዎ ሲመለሱ ይዘዋቸው ይሂዱ። እዚያ ይሻላቸዋል።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እኔ አልቻልኩበትም። ስይዛቸው ያለቅሳሉ። ያውቁብኛል።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ደግ ነበር። ስለ አየር ሁኔታ እንደምትናገር ነው የተናገረችው።

እኔስ? እዚህ እውነት ካልጻፍኩ የት እጽፋለሁ … ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ቤቴ ባዶ ነው። የእሜቴ አልጋ የት እንደሚቀመጥ ሁሉ በዓይኔ መጣ፤ በመስኮቱ በኩል፣ የመጻሕፍቱ መደርደሪያ ካለበት። ከዚያ ደስ ማለቴ አስደነገጠኝ። ልጅን ከእናቷ መንጠቅ ነው እኮ ያስደሰተኝ! እናቷ በገዛ እጇ እየሰጠችኝ ቢሆንም።

«እናስብበት» አልኳት።

«እሺ።»

ጥቅምት 22፣ ረቡዕ

ጤና ጣቢያ፣ የእሜቴ ክትባት። ተወጉ፣ ጮኹ፣ ሕንፃው ተናወጠ። ነርሷ ሥራዋን ጨርሳ ካርዱን ሰጠችንና ወደ ምራቴ ዞረች።

«አንቺስ?»

«ደህና ነኝ።»

«ደህና ነኝ ያለኝን ሁሉ ባምን ኖሮ ይኼኔ ሥራ ፈትቼ ነበር። ግቢ።»

በሩ ተዘጋ። እሜቴን አቅፌ ውጪ ቆየሁ። ረጅም ጊዜ። ምራቴ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ ፊት ልትታጠብ ሄደች። ነርሷ ወደ እኔ መጣች።

«ስንፍና አይደለም። ቅብጠትም አይደለም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሕመም ነው፤ ብዙ እናት ላይ ይደርሳል፤ ይታከማል። ሐኪሙ ያያታል፤ በየሳምንቱ ትመጣለች።»

«እኔ ምን ላድርግ?»

«አስተማሪ ነበሩ አይደል?»

«በምን አወቅሽ?»

በአገጯ ወደ መጠበቂያው ጠቆመችኝ። ወንበሮቹን ሳላስተውል በመስመር አስተካክዬአቸዋለሁ። አንድ ሽማግሌ ከተቀመጡበት አስነሥቼ ነበር ለካ።

«ይጠይቋት እንጂ አይንገሯት» አለችኝ።

መጠየቅስ እጠይቃለሁ። መልሱን ይዤ መጠየቅ ነው የኔ ችግር።

ጥቅምት 25፣ ቅዳሜ

ባለ አራት ጎማውን ግራጫ ልገዛ ሄድኩ። አሻሻጯ አወቀችኝ።

«ዛሬስ ሩዙ?»

«ቤት ተኝቷል።»

ጋሪው ከመደርደሪያ ወርዶ፣ ተጠርጎ፣ ሒሳብ መቀበያው ጋ ደረሰ። ልጅቱ ደረሰኝ እየጻፈች ባለ ሦስት ጎማውን በዓይኗ አሳየችኝ።

«እሱስ? አልወደዱትም?»

«ወደቀ።»

«እውነትዎን ነው፤ ለእርስዎ አይሆንም። እሱ ለሯጭ እናቶች ነው። ልጃቸውን እየገፉ ለሚሮጡ።»

እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ቀረ።

ምራቴ ትሮጥ ነበር። ልጄ ሲያገባት ጠዋት ጠዋት፣ ሰው ሳይነሣ፣ ኮፍያዋን ደፍታ ወጥታ ላብ በላብ ሆና ትመለስ ነበር። እኔ እንደ ጨዋታ ነበር የማየው። «የሚያባርርሽ ሳይኖር?» እላት ነበር። ትስቅ ነበር። … ትስቅ ነበር እኮ!

በእነዚህ ሁሉ ሳምንታት ለራሷ የጠየቀችው ነገር ቢኖር ያ ብቻ ነበር። ሦስት ጎማ ያለው ይሁን። እኔ ደግሞ ቀይ እስክሪብቶ አነሣሁበት። ጥያቄዋ ምን እንደሆነ ሳልሰማ መልሷን አረምኩ።

ይቅርታ ጠይቄ ሳልገዛ ወጣሁ። አሻሻጯ «ሩዙን ሰላም ይበሉልኝ» አለችኝ።

ጥቅምት 26፣ እሑድ

ካልሲ ማጠፍ ጀመርኩ፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ። እሜቴ በመካከላችን ተኝተዋል።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለምን ሦስት ጎማ አልሽ?»

«ይቅር እማማ። አራቱ ይሻላል ብለዋል እኮ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁሽ!»

የክፍል ውስጥ ድምፄ ነው የወጣው። ዋጥኩት። ካልሲ ማጠፌን ቀጠልኩ። እሷም አንድ ካልሲ አነሣች።

«ሳላረግዝ በፊት አንዲት ሴት ነበረች፤ ጠዋት ጠዋት ሜዳው ላይ የማያት። ልጇን በባለ ሦስት ጎማ እየገፋች ትሮጣለች። ታልፈኝ ነበር እኮ! ጋሪ እየገፋች! እንዴት እንደምናደድ … ስወልድ አሳያታለሁ እል ነበር።»

«መሮጥ አማረሽ?»

«አይ። መሮጥማ አላማረኝም።» ካልሲውን አየችው። «መሮጥ እንዲያምረኝ ነው ያማረኝ።»

ሁለት ካልሲ አጣምራ አስቀመጠች፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቢጫ። አየሁት። እጄን ያዝኩት። እንዲህ ያለውን ነገር አይቶ ማለፍ ለእኔ ቀላል አይደለም።

ኅዳር 2፣ ቅዳሜ

ልጄ ቀደም ብሎ ገባ። አራታችንም ወጣን። ምራቴ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆመች፤ ሰው ሲያልፍ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሱቁ በር ላይ ልመለስ አለች። ልጄ እጇን ያዘ። ገባች።

ባለ ሦስት ጎማው ጋ ስትደርስ እጇ ቀድሟት ሄደ። ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አደረገች። እጀታውን ወደ ወገቧ ልክ አወረደች። ጎንበስ ብላ የፊተኛውን ጎማ ቆለፈች፤ ወዲህና ወዲያ ይዞር የነበረው ቀጥ አለ። ማን አሳያት? ማንም። ከዚያች ሴት ላይ እያየች ያጠናችው ይሆናል።

አሻሻጯ እሜቴን አየቻቸው። «ዛሬስ እውነተኛ ነው!»

«ምኑ?» አለች ምራቴ።

ልጅቱ የሩዙን ታሪክ ከነአውቶቡሱ አወጣችው። (አውቶቡሱን ማን ነገራት? እኔው ነኝ።) ልጄ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ምራቴ … የከንፈሯ ጫፍ ተነሣ? እንጃ። ተነሣ ብዬ ጽፌአለሁ።

ቤት ስንገባ መመሪያውን አወጣሁ። መመሪያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነበባል፤ ድምፅ ተሰምቶ ይነበባል። ጎማ አነፋፍ። አስተጣጠፍ። አምስት ቦታ የሚታሰረው ቀበቶ። ደቃቁ ጽሑፍ ጋ ደረስኩ። «ሕፃኑ ስምንት ወር ሳይሞላውና ሐኪም ሳይፈቅድ ጋሪውን እየገፉ መሮጥ ፈጽሞ ክልክል ነው።»

ካነበብኩት በኋላ ነው የሰማሁት።

«እሺ» አለች። ያ እሺ። ተነሥታ መኝታ ቤት ገባች።

«እማዬ» አለ ልጄ፣ ጭንቅላቱን ይዞ፣ «ዛሬውኑ መነበብ ነበረበት?»

ነበረበት። የእሜቴ አንገት ገና ነው። ግን …

ኅዳር 4፣ ሰኞ

እሜቴን አቅፌ ስንጎራደድ መጣልኝ። ሥራው ሁለት ነው። መግፋትና መሮጥ። አንድ ሰው ሊሠራው ካልቻለ ለሁለት ይካፈላል። ማካፈልን ለስንት ልጅ አስተምሬ ለራሴ ሦስት ቀን ፈጀብኝ!

በጥያቄ አቀረብኩት፤ ነርሷ እንዳለችው።

«እኔ ብገፋና አንቺ ብትሮጪስ? እሜቴ እስኪደርሱ ድረስ?»

«እርስዎ? በዚህ ጉልበት?»

«ጉልበቴ ምን ሆነ? ጋሪው ሦስት ጎማ ነው ያለው። አራተኛው እኔ ነኝ።»

እሜቴን አየች። እኔን አየች።

«እሺ።»

እሺ ነው፤ ግን ዘግይቶ የመጣ እሺ ነው። አስባበት ነው ያለችው። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

ኅዳር 5፣ ማክሰኞ

ሐኪሙ አያት። በመጀመሪያ እርምጃ ብቻ፣ ሩጫው ከአንድ ወር በኋላ አለ። መድኃኒቱም ተጀመረ። ነርሷ «ጋሪ ገዛችሁ አሉ?» አለች። ወሬ እዚህም ይደርሳል።

ኅዳር 7፣ ሐሙስ

የመጀመሪያው ቀን። ሊፍቱ ውስጥ አልገባም፤ እንደለካሁት። ደስ ሊለኝ ሲል ምራቴ እሜቴን ከጋሪው አንሥታ አቀፈቻቸው፣ በእግሯ የኋላውን ጎማ ረግጣ ጋሪውን አቆመችው። እንደ ሰው ቆሞ ገባ። ቁመትን ለካሁ፣ ወርድን ለካሁ፤ መቆም እንደሚችል ግን አልጠረጠርኩም። አርባ አንዱ ላይ ሃያ ይጨመርለታል። ከአምሳ በላይ ነው። ከወደቀበት ተነሣ።

ዘበኛው ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ባጃጅ ገዛችሁ! ታርጋውስ?»

«ገና ነው» አለች ምራቴ።

መለሰችለት! ሁለት ቃል። ከበሩ ወጣን። መንገዱ ዳር ላይ ቆመች፣ መኪና ሲያልፍ አየች። «ይበቃኛል» አለች። ተመለስን።

ኅዳር 8፣ ዓርብ

አልወጣንም።

ኅዳር 9፣ ቅዳሜ

ዛሬም አልወጣንም። ዝናብ የለም።

ኅዳር 13፣ ረቡዕ

መጥፎ ቀን። እሜቴ ከጠዋት ጀምረው አለቀሱ። ምራቴ እጅ ላይ፣ እኔ እጅ ላይ፣ አልጋ ላይ። በመጨረሻ ሰጠችኝና ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ይዘዋቸው ይሂዱ አልኩዎት እኮ። ለምን አይሰሙኝም?»

«ሰምቼሻለሁ።»

«ታዲያ?»

ብዙ የሚባል ነበር። እናትነት፣ ምናምን … ሁሉም ንግግር ሆኖ ታየኝ። «ባጃጁ አውቶቡስ ላይ አይጫንም» አልኳት።

አየችኝ። ሳቅና ልቅሶ ተደባልቆ መጣባት፤ ልቅሶው በለጠ። አብሬያት ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። መነሣቱ ነው ያስቸገረኝ፤ እሷ ናት ጎትታ ያነሣችኝ። እሜቴ በዚህ መሃል እኔ እጅ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። እያለቀሰች ተቀበለችኝ፣ አልነቁም። «እየተንቀጠቀጥኩ ይዣቸው እንኳ ተኙ» አለች። ገረማት።

ኅዳር 21፣ ሐሙስ

ሜዳው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው። አንድ ጊዜ ዞርን፤ እኔ እየገፋሁ፣ እሷ ከጎኔ። ደወል ሲደወል እግሬ በራሱ ፈጠነ። «የት ነው?» አለችኝ። «ክፍል አለኝ» አልኳት። ሳቀች። ይኼኛው እንጃ የለውም። ሳቀች።

ታኅሣሥ 11፣ ረቡዕ

ሐኪሙ ፈቀደ። የሩጫ ጫማዋን ከአልጋ ሥር አወጣች። አቧራ። በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው፣ ክሩን ፈታችው፣ እንደገና አሰረችው። ደግሞ ፈታችው። አልቸኮልኩም። ለእሜቴ ኮፍያ አደረግሁላቸው፣ አወለቁት፣ አደረግሁላቸው።

ሜዳው ላይ ከአንዱ የኳስ ግብ እስከ ሌላው ሮጠች። ሩጫ አይባልም … ሶምሶማም አይባል። ቆመች፣ ወገቧን ይዛ አጎነበሰች። ጋሪውን እየገፋሁ ደረስኩ።

«ምን ሆንሽ?»

«ጡቴ ወተቱን ለቀቀው» አለች። ሹራቧ ፊት ለፊት ረጥቧል። ተያየን። እዚያው ሣር ላይ ተቀምጣ አጠባቻቸው፤ እኔ ነጠላ ጫማዬን አውልቄ እግሬን ፀሐይ አሞቅሁ። ሰው ያልፋል፣ ያየናል። ይየን።

ጥር 5፣ ቅዳሜ

አንድ ዙር፣ ሳታቆም። እሜቴ እናታቸው በርቀት ስታንስ ዓይናቸው ይከተላታል፤ ስትቀርብ እግራቸውን ያወራጫሉ። ከንፈራቸውን ሰብስበው ሊያለቅሱ ሲሉ ትደርሳለች። ልቅሶው ለእሷ ነበር። ለእኔ አይደለም።

ጥሩ ነው። ትንሽ ቆነጠጠኝ እንጂ ጥሩ ነው።

የካቲት 9፣ ዓርብ

ምራቴና ልጄ ተጣሉ። የጎማ መንፊያውን የት አደረግኸው ተብሎ። ድምጿ ደረጃው ድረስ ተሰማ። «መኪናህ ላይ ወስደኸው ነው! የኔን ዕቃ አትንካ!» ልጄ ኩሽና ገብቶ «እማዬ፣ ምን አደረግሽብኝ?» አለኝ። ድንች እየላጠ ፈገግ ይላል። እኔም።

መጋቢት 20፣ ሐሙስ

ነርሷ ከእንግዲህ በወር አንዴ ይበቃል አለች። መድኃኒቱ ይቀጥላል፤ ሐኪሙ ሲል ብቻ ነው የሚቆመው። ወንበሮቹን አልነካሁም። አንዱ ግን በጣም ተጣሞ ነበር።

ሚያዝያ 18፣ ሐሙስ

እሜቴ ስምንት ወር ሞላቸው። ሐኪሙ አንገታቸውን፣ ጀርባቸውን አየ። ጣቱን ይዘው ወደ አፋቸው ወሰዱት፤ ሁለት ጥርስ አላቸው፤ ጮኸ። «ጠንካራ ናቸው» አለ። አንቱታው እሱ ላይም ተጋባ። ፈቀደ፤ በቀስታ፣ ለጥ ባለ መሬት ላይ።

ሚያዝያ 20፣ ቅዳሜ

ሻንጣዬ ታስሯል። ነገ እሑድ ልጄ ቤቴ ያደርሰኛል።

ጠዋት ሜዳ ወጣን። ምራቴ ጎማዎቹን ራሷ ነፍታለች፤ በአውራ ጣቷ እየተጫነች አየቻቸው። አምስቱን ቀበቶ አሰረች። የፊተኛውን ጎማ ቆለፈች። የእጀታውን ማሰሪያ ክንዷ ላይ አጠለቀች፣ ጋሪው ቢያመልጥ እንዲይዘው። መመሪያው የሚለውን አንድም አልዘለለችም። የሚጨመር ፈለግሁ … የለም።

ያደረ ጥያቄ ነበረብኝ። እናስብበት ብዬ ሳልመልስ የቀረሁት። እንደ ቀልድ አነሣሁት፤ ቀልድ ግን አልነበረም፤ እሷም ታውቃለች።

«እንግዲህ ነገ ስሄድ እሜቴን ይዣቸው ልሂድ? ብለሽኝ ነበር እኮ።»

ፀጉሯን እየሰበሰበች ነበር፤ ላስቲኩ በጥርሷ መካከል ነው።

«እምቢ» አለች።

ላስቲኩን አወጣች፤ በደንብ እንዲሰማኝ።

«እምቢ እማማ!»

ከዚያ ፊቷ ለሰለሰ። «እርስዎ ይምጡልን እንጂ እሳቸው የትም አይሄዱም። አሁን ነፋስ ላይ አይቁሙ፣ እዚያ ይቀመጡ።»

«እሺ» አልኳት።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። እጄ የሚገፋው አጣ፤ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። ሄዱ። በመጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዚያ በዝግታ ሩጫ። ሜዳው ማዶ ደርሰው ትንሽ ሆኑ። እሜቴ አንድ ድምፅ ይዘው ሲጎትቱት ይሰማኛል፤ አ አ አ አ … መሬቱ ሲያንገጫግጫቸው ድምፁ ይቆራረጣል፣ ያን ወደውት ደግመው ያወጡታል። አንዲት የምትሮጥ ልጅ ዞር ብላ አየቻቸው። አለፏት።

ወደ እኔ ሲመጡ የእሜቴ እግር ታየኝ። አንዱ ካልሲ ሰማያዊ፣ አንዱ ቢጫ።

አላረምኩም። በፊቴ አለፉ።